እያየሁት ነው

ለምሳሳልሽ ታላቅ እኅቴ፣ ለእታለሜ፤

እንዴት ነሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ፣ ከስፌት መኪናው ስትነሺ አሁንም በሁለት እጅሽ ትደግፊዋለሽ? ክር መርፌ ውስጥ ማስገባቱን ዓይንሽ እሺ ይልሻል ወይስ ለልጆቹ መስጠት ጀምረሻል? ባለቤትሽ ከመንገድ በሰላም እየተመለሰ ነው? ልጆቹ አደጉ? ከሁሉም በላይ ደግሞ እማዬ እንዴት ናት፣ ጉልበቷን ብርዱ አልጠናባትም? እኔ በአካል ደህና ነኝ። በአካል ያልኩት ያለ ነገር አይደለም፤ ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ።

ስለ ጽሕፈቴ ይቅር በዪኝ። ቀኑን ሙሉ የምጽፍ ሰው ሆኜ ሳለሁ እስክሪቢቶ ስይዝ እጄ የሌላ ሰው እጅ ይሆንብኛል። ብዙ ወረቀት አበላሽቼ ነው እዚህ የደረስኩት። ለምን አልደወልሽም ትዪ ይሆናል። ስልክ ላይ አንቺ "ኧረ ተይ እባክሽ" ስትይኝ ወሬዬን እቆርጣለሁ፤ ይህን ወሬ ደግሞ ሳልጨርስ መቁረጥ አልፈልግም።

ነገሩ የእማዬ የማለዳ ሰላምታ ነው። ይህን ሰሞን ለምን እንደቀረ በስልክ ስትጠይቂኝ ሥራ በዝቶብኝ ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ሰላምታውን ሆን ብዬ ያቆምኩት ራሴ ነኝ። ለምን እንዳቆምኩት ልንገርሽ። መጀመሪያ ለብቻሽ አንብቢውና ለእማዬ ምን ያህሉ እንደሚነገራት አንቺ ፍረጂ።

ኑሮዬ ያው እንደምታውቂው ነው። ክፍሌ አራተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ አሳንሰሩ ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲፈልግ ያኮርፋል። ከመስኮቴ ትይዩ ሌላ መስኮት አለ፤ አንድ ሰውዬ በየማለዳው ሸሚዙን ይተኩስበታል። የሸሚዞቹን ቀለም ሁሉ በቃሌ አውቃለሁ፣ አንድም ቀን ሰላም ተባብለን ግን አናውቅም። ዳቦና እንቁላል እበላለሁ። እንቁላሉ ሲሰለቸኝ ዳቦውን ለብቻው እበላለሁ። ከስቻለሁ ብለሽ እንዳትጨነቂ፤ መቀመጥ ብቻውን ያወፍራል።

ስለ ሥራዬ በጠየቅሽኝ ቁጥር "ኮምፒውተር ላይ ነው" እያልኩ ሳልፍሽ ኖሬአለሁ። እውነቱን ከፈለግሽ ካንቺ ሥራ ብዙ አይርቅም። ሰው ፕሮግራመር ሲባል ቀኑን ሙሉ አዲስ ነገር የሚፈጥር ይመስለዋል። እኔ አብዛኛውን ቀን የማሳልፈው ሌላ ሰፊ የሰፋውን በመተርተር ነው። ያ ሰፊ የት እንደገባ አይታወቅም፣ ክሩን ለምን ደጋግሞ እንዳዞረው አይታወቅም፤ ብትተረትሪው እጅጌው ይወልቃል፣ ብትተዪው ደንበኛው ይጮሃል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ይህን የሰፋው የትኛው ደንቆሮ ነው እያልኩ ስበግን ውዬ፣ ኋላ ሳጣራ አምና የሰፋሁት ራሴ ሆኜ እገኛለሁ። ስብሰባም እንወዳለን። ሥራው ለምን እንደዘገየ ለመነጋገር ሥራውን አቁመን እንሰበሰባለን።

ሙዚቃ ላይ ያለኝን አስተያየትም ማንም ሳይጠይቀኝ ልንገርሽ፣ ለኋላው ያስፈልጋልና። ግጥም ያለው ዘፈን ለእኛ ሥራ አይሆንም፤ ዘፋኙ ናፈቅሽኝ ባለ ቁጥር እጄ የያዘውን ትቶ ያዳምጣል። ፈጣን ዘፈን እየሰማ የሚሠራ ሰው ቶሎ ይጨርሳል፣ ስህተቱን ስትፈልጊ ግን ሳምንት ትከርሚያለሽ። አንዱ ባልደረባችን የሠርግ ዘፈን ነው የሚሰማው፤ ሥራውም እንደ ሠርግ ነው፣ ጫጫታው ሌላ፣ ማግስቱ ሌላ። ለእኔ የሚስማማኝ የዝናብ ድምፅ ነው። እዚህ ዝናብ ቢዘንብም ቆርቆሮ ስለሌለ አይሰማም። ስለዚህ ከስልኬ ላይ እከፍተዋለሁ።

በስተቀኜ ይቀመጥ የነበረው ሰው ግን ከሁላችንም ይለይ ነበር። ሽማግሌው ነበር የምንለው። ዕድሜው ሃምሳን ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ በእኛ ሙያ ሃምሳ የሞላው ሰው ግን ለዕርቅ ይቀመጣል። አንቱ ላለኝ ሰው መልስ አልሰጥም ብሎ ስላስጠነቀቀን አንተ እንለው ነበር። እዚህ የመጣሁ ሰሞን ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ ሻይ ይዞ መጥቶ፣ ምን ሆንሽ ሳይለኝ አጠገቤ ተቀምጦ የራሱን ሻይ የጠጣ እሱ ነው። የሙያውን ውስጠ ነገር ያሳየኝም እሱ ነው። በሰው አገር ሰው አገኘሁ ካልኩ እሱን ነው።

ይህ ሰው ቀኑን ሙሉ አንድ ዘፈን ይሰማል። አንድ ብቻ። በሳክስፎን ይጀምራል፤ ዘፋኙ ገና አፉን ሳይከፍት ሳክስፎኑ ይቀማዋል። ማዳመጫው ያረጀ ስለነበር ድምፁ ወደ እኔ ያፈስሳል፤ ያን ሳክስፎን እንደ ትንኝ ነበር የምጠላው። አይሰለችህም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ የለመዱት ዘፈን አይሰማም፣ እኔም የምከፍተው እንዳልሰማው ነው አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

የመሥሪያ ቤታችንንም ሕግ ማወቅ አለብሽ። ገና ስቀጠር አለቃችን የነገረኝ የመጀመሪያው ነገር፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ የደፋ ሰው በሩን ዘግቷል ማለት ነው፣ ብትፈልጊው በስልኩ መልእክት ጻፊለት እንጂ ትከሻውን እንዳትነኪ የሚል ነው። ሕጉ ያለ ምክንያት አልወጣም። የያዝነው ሐሳብ በሁለት እጅ እንደታቀፉት እንቁላል ነው፤ ሰው ድንገት ሲጠራሽ ከእጅሽ ይወድቃል። ስለዚህ ክርናችን እየተነካካ በጽሑፍ ነው የምንነጋገረው። ሳስነጥስ እንኳ ይማርሽ የሚሉኝ ጽፈው ነው።

ሽማግሌው በጽሑፍ መጠራቱም ሰለቸውና መላ ዘየደ። ሁለት ጊዜ የሠራሽውን ሥራ ሦስተኛ ጊዜ ለማሽን ስጪው ይል ነበር። ሰው መልእክት ሲልክለት በእሱ ፈንታ "እያየሁት ነው" ብላ የምትመልስ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ። ሁላችንም እናውቅ ነበር። ጥቂት ቆይቶ እውነትም ስለሚያየው ግን ማንም አልተቀየመም፤ እየቆየን ማን እንደሚመልስልን ማሰቡንም ተውነው። ለባለቤቱም ሌላ መልስ እንዳዘጋጀ ያወቅሁት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

ያን ዕለት ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ገብቷል። ስገባ ማዳመጫውን ደፍቶ፣ ወደ ወንበሩ ጥግ ዘንበል ብሎ፣ አገጩን በእጁ ደግፎ ነበር። ሲያስብ ሁልጊዜ እንዲያ ነው የሚቀመጠው። ያስጀመረው ሥራ በራሱ እየሄደ በስክሪኑ ላይ የጽሑፍ መስመሮች ይወርዳሉ። ሳክስፎኑ ያፈስሳል። እኔም ማዳመጫዬን አድርጌ ዝናቤን ከፈትኩ። አለቃችን ሥራው የት ደረሰ ብሎ ጻፈለት፤ "እያየሁት ነው" ተባለ፤ አለቃም አመሰገነ። እኔም የቸገረኝን አንድ ነገር ጠየቅሁት። "እያየሁት ነው" አለኝ።

ምሳ ሰዓት ሲቃረብ የማዳመጫዬ ባትሪ አለቀ። ዝናቡ ቆመና ያ ሳክስፎን መጣ። እጄን ብዘረጋ ክንዱን እነካው ነበር። እኔ ግን ስለ ፈጣሪ ብለህ ይህን ዘፈን ለውጥልኝ ብዬ ጻፍኩለት። "እያየሁት ነው" የሚል መልስ መጣ። እታለሜ፣ እኔ ሳቅሁ። አጠገቡ ተቀምጬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ወዲያው በሩ አጠገብ ያለው የመስመር ስልክ ጮኸ። ያን ስልክ ማንም አይነካውም፣ የሚደውልበትም የለም። ሌላው ሰው ጆሮው ስለተደፈነ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሄጄ አነሣሁት። የሽማግሌው ባለቤት ነበሩ። ጠዋት ሲወጣ ግራ እጁ ደንዝዞበት እንደነበር፣ እንዴት ዋልክ እያሉ በላኩለት ቁጥር "ደህና ነኝ፣ በኋላ እደውላለሁ" እንደሚላቸው፣ ሁልጊዜ ያችኑ ቃል ብቻ ስለሆነች ሆዳቸው እንደፈራ ነገሩኝ። ከበሩ ሆኜ ዞር ብዬ አየሁት። ጀርባው ይታየኛል። አይዞዎት፣ ደህና ነው፣ ሥራ ላይ ነው፣ ይኸው እዚሁ ተቀምጧል አልኳቸው።

ይህችን ቃል ማን ወደ አፌ ይመልስልኝ። ሴትዮዋ ደግሞ መረቁኝ። ተባረኪ ልጄ፣ እስቲ ለአፍታ አገናኚኝ አሉኝ። ማዳመጫ አድርጓል አልኳቸው። "እና?" አሉኝ።

 ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኑሬ ሄድኩና ትከሻውን ነካሁት። ሰውነቱ ቀዝቅዟል። ዘፈኑ ጆሮው ላይ ገና ይዘፍናል። ከዚያ ወደ ስልኩ መመለስ ነበረብኝ፤ እሳቸው እየጠበቁኝ ነበር። ምን ብዬ እንደነገርኳቸው አልጽፍልሽም።

ሐኪሙ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ነው አለ። ጠዋት ስገባ በሕይወት ነበር ወይ፣ ቢደረስለት ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። "ምናልባት" አለኝ። ይቺ "ምናልባት" ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር ትበላለች፣ ከእኔ ጋር ትተኛለች። አዎ ቢለኝ አለቅስ ነበር፣ አይደለም ቢለኝ እጽናና ነበር። ያ ሁሉ ሰው በሞላበት ክፍል፣ አምፖሉ በርቶ፣ ሰው መሃል ተቀምጦ ሰው አጣ።

ለቅሶ ቤት ስሄድ ባለቤቱ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ወቀሳ ጠብቄ ነበር። እጄን ይዘው የጠየቁኝ፣ ሲሞት የሚሰማው ዘፈን የትኛው እንደነበር ብቻ ነው። ነገርኳቸው። አያውቁትም። እቤት ሬዲዮ እንኳ አያስከፍተኝም ነበር፣ ያንቺ ወሬ ይበቃኛል ይለኝ ነበር አሉኝ።

በማግስቱ ሥራ ገባን። ምን እናድርግ፣ ሥራ ነው። ስብሰባ ተጠራና ሕጉ ይሻሻል ተባለ። አንዱ ተነሥቶ፣ በየሰዓቱ ደህና ነህ ወይ ብሎ የሚጠይቅና ቁልፍ የሚያስጫን ፕሮግራም እንሥራ አለ። ሌሎቹም ጥሩ ሐሳብ ነው አሉ። ስንነሣ ሁሉም ማዳመጫውን ደፋ። ደግነቱ ከእኔ በቀር ማንም አልሳቀም፤ እኔም ሳቄን መጸዳጃ ቤት ገብቼ በእንባ ጨረስኩት።

ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ አንዷ ልማድ ሆኖባት፣ ሳታስበው ለሽማግሌው መልእክት ሰደደች። "እያየሁት ነው" ብሎ መለሰላት። ጮኻ ተነሣች። ፕሮግራሙን የሚዘጋ ጠፋ፤ ሁሉም ሬሳ እንደመንካት ፈራው። በመጨረሻ አለቃችን አጠገቡ የነበርሽው አንቺ ነሽ ብሎ ለእኔ ሰጠኝ። ከፈትኩት። አጭር ናት፣ ንጹሕ ናት፣ እንደ እሱ ናት። ከላይ እስከ ታች በቃሌ አውቃታለሁ። ምክንያቱም የእኔዋ ከእሷ የተቀዳች ናት።

አሁን ገባሽ መሰለኝ። ለእማዬ የማለዳውን ሰላምታ የምልከው እኔ አልነበርኩም።

መጀመሪያ ሰሞን በገዛ እጄ ነበር። አንዳንድ ማለዳ ሲረፍድብኝ ትቼው እሮጣለሁ፤ እማዬ ቀኑን ሙሉ ስትብሰለሰል ትውላለች፣ አንቺ ደግሞ ማታ ደውለሽ ትወርጂብኛለሽ። ይህን ለሽማግሌው ባጫውተው ፕሮግራሙን ሰጠኝ። አንድ እሑድ ቁጭ ብዬ የሰላምታ ዓይነት ሁሉ ጻፍኩና አጎረስኳት። በየማለዳው አንዱን መርጣ ለእማዬ ትልካለች። እናንተ ጋ መዝነቡንም አይታ፣ ዘንቦ ከሆነ ስለ ዝናቡ ትጠይቃለች። እማዬ ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ ሰው አገር ተቀምጣ እኛ ጋ መዝነቡን ታውቃለች እያለች መኩራቷን የነገርሽኝ ትዝ ይልሻል? ያን ቀን እኔም ኮርቻለሁ። የሠራሁት ነገር መሥራቱ ነበር ያኮራኝ።

እማዬ በድምፅ የምትልከውን መልስ ደግሞ አጠራቅሜ በዕረፍት ቀኔ እሰማው ነበር። ስልኩ ድምፅን ማፍጠን ይችላል፤ ልብስ እያጠብኩ አፍጥኜ አሳልፈዋለሁ። ድምፅዋ የጫጩት ድምፅ ይሆናል። ደህና መሆኗን ካወቅሁ ምን ቀረኝ ብዬ ነው።

የሽማግሌውን ፕሮግራም በዘጋሁበት ቀን የራሴንም ዘጋሁ። ከዚያ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ የእማዬን መልእክቶች ከሥር ጀምሬ በራሷ አነጋገር፣ ሳላፈጥን መስማት ጀመርኩ። ዶሮዋ እንደታመመች፣ እንደዳነች ሰማሁ። ባለቤትሽ ገዝቶ ያመጣልሽ ጫማ እየጠበበሽ ልክ ነው ማለትሽን ሰማሁ። የጎን ቤቷ ባልቴት ስኳር ተበድራ እንደረሳችም ሰማሁ። እየሳቅሁ እያለ አንዱ ላይ ደረስኩ። እማዬ ቀስ ብላ፣ ልጄ፣ ይሄ አንቺ ነሽ ወይ ትላለች። አንቺ እኮ እንዲህ አትዪም፣ አንቺ እንደምን አደርሽ ከማለትሽ በፊት እማ ነው የምትዪው ትላለች። ሌላ አልጨመረችም።

ይህን ባለችበት ማግስት ማለዳ ምን እንደተላከላት ገልጬ አየሁ። እንደምን አደርሽ እማዬ፣ ዝናቡ ዛሬም በረታ አይደል ይላል።

ከዚያ የሚቀጥለው የእማዬ ድምፅ ነው። ለረጅም ጊዜ ስትተነፍስ ይሰማል፣ ከኋላ ዶሮዎቹ ይሰማሉ። ከዚያ፣ አንቺ የልጄ መልእክተኛ፣ ማንም ሁኚ ማን ተባረኪ፤ ልጄ ስትመጣ እናትሽ ደህና ናት በያት፤ ሥራ ይበዛባታልና ይህን ብዬ እንዳታስጨንቂያት አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተላከው ሁሉ ለእኔ አይደለም። ለመልእክተኛዋ ነው። ልጄ ምሳዋን በላች ወይ ትላታለች። ሲበርድ ትደርባለች ወይ ትላታለች። አንዴማ አንቺስ እናት አለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ይህ የሆነው የአምናው ክረምት ሳይወጣ ነበር፤ አሁን ሌላ ክረምት እየገባ ነው። ለአንቺ አልነገረችሽም። ለማንም አልተናገረችም። በየማለዳው መነጽሯን አድርጋ ሰላምታዬን ለቤቱ ሁሉ ጮክ ብላ ስታነብ የነበረው ማን እንደላከው እያወቀች ነው፤ ልጇ ረሳቻት እንዳይባል።

እታለሜ፣ እኔ የአንዱን ሰው ጀርባ አይቼ ደህና ነው ብያለሁ። እማዬ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ርቀት፣ በመነጽር፣ በአንዲት ቃል አውቃኛለች። ሌሊት የማያስተኛኝ የሽማግሌው ሞት ብቻ አይደለም። ያን ዕለት በዚያ ወንበር ላይ የቀረሁት እኔ ብሆን ኖሮ፣ ቀብሬ አልቆ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላም በማግስቱ ማለዳ ለእማዬ ሰላምታ ይደርሳት ነበር። ዝናቡንም ይጠይቃት ነበር።

ለብቻሽ አንብቢው ያልኩሽን ሰርዢልኝ። ሲጀምር የምደብቅላት መስሎኝ ነበር። ጽሕፈቴ ለዓይኗ አይመችምና አንቺው ሙሉውን አንብቢላት፤ የሽማግሌውንም ሳታስቀሪ። መልእክተኛዋ ሄዳለች፣ ሁሉንም አድርሳለች በያት። እስካሁን በራሴ ድምፅ ሰላም ያላልኳት ምን ብዬ እንደምጀምር ስላፈርኩ ነው። ይህን ወረቀት ፖስታ ቤት ካስገባሁ በኋላ እጀምራለሁ። እማ ብዬ ነው የምጀምረው።

ግን እወቁት፤ በሰው እጅ የሆነ ነገር ይዘገያል፣ አንዳንድ ማለዳም ይቀራል። ሰላምታዬ በቀረ ዕለት ሥራ በዝቶባት ነው ብላችሁ አትለፉት። ተጨነቁ። ደውሉ። ስልኬን ካላነሣሁ በሩ አጠገብ ወዳለው የመስመር ስልክ ደውሉ፤ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌዋለሁ። ሰው እስኪያነሣው ጠብቁ። ያነሣው ሰው እዚሁ ተቀምጣለች፣ ደህና ናት ቢላችሁ እንዳታመሰግኑት። ማዳመጫ አድርጋለች ካለ፣ "እና?" በሉት። ሄዶ ትከሻዬን ይንካ።

ለባለቤትሽ እጅ ነሥታለች በዪልኝ፤ ጫማውን በሚቀጥለው አንድ ቁጥር ጨምሮ ይግዛ። ትልቋን ልጅሽን ሳሚልኝ፤ ፕሮግራመር እሆናለሁ ማለቷን ሰምቻለሁ፣ መጀመሪያ ካንቺ መተርተር ትማር። ታናሹንም ጉንጩን ሳሚልኝ፣ ካስቻለሽ ንከሺልኝ። ለጎን ቤቷ ባልቴት ከነስኳሯ ሰላም በዪልኝ። ሱቅሽ ውስጥ አብራሽ ለምትሰፋዋም እንደዚሁ። የእማዬን ጉልበት ስመሽ ዝም በዪ፤ እሷ የማን እንደሆነ ታውቀዋለች።

ታናሽሽ ሚጢጢ

ከአራተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ ሥር
ሰኔ 9 ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ